የሰባት ቁጥር ክፍል መዝገብ

እስከዳር ያን የጥር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ጮራ ሆቴል የሄደችው መንፈስ ናፍቋት አልነበረም። ጓደኛዋ ራህማ መጀመሪያ ለመነቻት፤ ቀጥላ ተቆጣቻት፤ በመጨረሻ «ካልመጣሽ ሱቃችን ደጃፍ እንዳትደርሺ» አለቻት። ራህማን አሸንፋ የማታውቀዋ እስከዳር ነጠላዋን ደርባ ወጣች።

«ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አለች መንገድ ላይ።

«በር ይቆለፍብናል። ክፍሉ ውስጥ የተደበቀውን ፍንጭ እየፈለግን በአንድ ሰዓት ውስጥ መውጫችንን እናገኛለን።»

«ሰው ተቆልፎበት ለመውጣት መታገል ካማረው ማግባት አይበቃውም?»

«አንቺ ስለ ማግባት አታውሪ! የመጣልሽን ሁሉ እያባረርሽ ሃያ ስድስት ሞላሽ።»

እስከዳር እርምጃዋን አፈጠነች። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ የጎረቤት ዘመድ፣ ከደብረ ብርሃን የመጣ ነጋዴ ሁሉም ጠይቀዋት ነበር። ሁሉንም «አስብበታለሁ» ብላ መልሳለች፤ አንዱንም አስባው አታውቅም።

ጮራ ሆቴል መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ቀድመው ከተሠሩት ባለ ደርብ ቤቶች አንዱ ነው። የላይኛው ደርብ ግን ለዓመታት ተዘግቶ ነው የኖረው። አንድ ክረምት አንድ የጨው ነጋዴ በበቅሎ መጥቶ ሰባት ቁጥር ክፍል አደረ ይባላል። ጠዋት በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ነበር፤ ሰውየው ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር የበቅሎው ኮቴ ደረጃው ላይ ይሰማል ይላሉ። በቅሎ ደረጃ እንዴት እንደሚወጣ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልተገኘም። የእኛ አገር ሰው መፍራት ከጀመረ መጠየቅ ይተዋል።

የሆቴሉ ባለቤት የልጅ ልጅ መኳንንት ዱባይ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨዋታ ቤት ሁለት ዓመት በረኛ ሆኖ ሠርቶ ነበር። ሲመለስ ሰው የሚሸሸው ክፍል ገበያ ሆኖ ታየው።

«የመጀመሪያዎቹ እንግዶች እናንተ ናችሁ» አለ እጁን ዘርግቶ። «በነፃ! የሞተ ካለ ግን እኔ የለሁበትም። ሞባይላችሁን እዚህ። ሦስታችሁም።»

«ሦስታችን?» አለች እስከዳር።

ያኔ ከደረጃው ሥር አንድ ሰው ተነሣ። ትዕዛዙ ነበር።

ከስቷል። የኮቱ ትከሻ ሰፍቶበታል። መሰናዶ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሲያስተምር ተማሪ የሚንጫጫለት ያ ሳቂታ ፊት እንደ ዓቢይ ጾም ሰው ጠውልጓል። ዓይኑ ዓይኗን አገኘውና ቶሎ ወደ መሬት ወረደ።

«እንደምን አለሽ፣ እህቴ» አላት።

እህቴ። ይህ ቃል አንድ ዓመት ሙሉ ሲያቃጥላት የኖረ ቃል ነው። ደብረ ብርሃን መምህራን ኮሌጅ ውስጥ የጀመሩት ፍቅር ሁለት ዓመት ዘልቆ ነበር። ከዚያ አምና የካቲት ውስጥ፣ እሷ ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ሄዳ ስትመለስ፣ አንዲት አጭር ደብዳቤ ጠበቀቻት። «እህቴ እስከዳር፣ የሆነውን ሰምተሻል ብዬ አስባለሁ። የሚቻል ነገር እንዳልሆነ አሁን ገብቶኛል። ከእንግዲህ እንደ ወንድምሽ እዪኝ። እግዚአብሔር ያክብርሽ።» የሰማችው ነገር አልነበረም። ፈሪ ወንድ ሲሸሽ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው ብላ ደመደመች፤ ምን ማለትህ ነው ብላ ለመጠየቅም ኩራቷ አልፈቀደላትም።

ራህማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ሰኞ ወደ ዓለም ከተማ ተዛውሮ ሊሄድ ነው። ራሱ ጠይቆ ነው የተዛወረው። የልብሽን ሳትነግሪው ከሄደ ዕድሜ ልክሽን እኔን ስትነዘንዢኝ ትኖሪያለሽ፤ እኔ ደግሞ ጆሮዬ አይችልም።»

እስከዳር ዞር ብላ መሄድ ትችል ነበር። እግሯ ግን እምቢ አላት። ደረጃውን ስትወጣ የሚገፋት ንዴት ይሁን ናፍቆት ለይታ ማወቅ አቃታት።

*

በሩ ከኋላቸው ተዘጋ፤ ቁልፉ ከውጭ ቀጭ አለ።

መስኮቱ በጥቁር የሱፍ ባና ተጋርዷል። አንዲት ሻማ፣ አንድ የሽቦ አልጋ፣ መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ፣ አንድ የውኃ ጣሳ። አልጋው ላይ ነጭ ጋቢ የለበሰ ነገር ተጋድሟል። ራህማ ገለጥ አድርጋ አየችና «ሁለት ትራስ ነው» አለች፤ ግን ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

ከበሩ ማዶ መኳንንት በጀሪካን አፍ ውስጥ መናገር ጀመረ። «እኔ የጨው ነጋዴው ነኝ! ወደ ክፍሌ ማን ገባ?»

«የጨው ነጋዴ ከሆንክ የዱቤያችንን መልስ!» አለች ራህማ። ጀሪካኑ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ወዲያው ወደ ጉርምርምታ ተለወጠ።

ከትራሱ ሥር የመጀመሪያውን ወረቀት ትዕዛዙ አገኘ። «መንገደኛ መጀመሪያ ምን ይለምናል?» ይላል።

«ውኃ» አሉ እሱና እስከዳር አንድ ላይ፤ አንድ ላይ ማለታቸውም ሁለቱንም አሳፈራቸው። ከውኃው ጣሳ ሥር ትንሽ ቁልፍ ተለጥፎ ተገኘ። ትዕዛዙ የጠረጴዛውን መሳቢያ ሊከፍት ሲያጎነብስ ከአልጋው ሥር የተደበቀ ቴፕ በድንገት የበቅሎ ኮቴ ማሰማት ጀመረ፤ በዚያው ቅጽበት ሻማዋ ጠፋች።

ራህማ ጮኸች። እስከዳር አልጮኸችም፤ ሳታስበው የትዕዛዙን ክንድ በሁለት እጇ ያዘች። የኮቱ የክር ሽታ፣ የክንዱ ሙቀት፣ ሁሉም እንደ ነበረ ነው። አንድ አፍታ ያህል እሱም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ እሳት እንደነካው ሰው ክንዱን መነጨቀና «በስመ አብ» እያለ በጨለማ ውስጥ አማተበ።

አማተበ! ከሴት እጅ ለማምለጥ የሚያማትብ ወንድ እስከዳር በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ራህማ ሻማዋን መልሳ ስትለኩስ እስከዳር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መንፈስ ያላስለቀሳትን ልጅ አንድ ማማተብ አስለቀሳት።

*

መሳቢያው ሲከፈት የተገኘው የሆቴሉ አሮጌ የእንግዳ መዝገብና አንድ ብዕር ነው። አዲስ ገጽ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፦ «በዚህ ክፍል ያደረ ሁሉ እስከ ሰባት አባቱ ቆጥሮ ይመዝገብ። መዝገቡ ሲሞላ በበሩ ሥር ይላክ፤ ቁልፉ ይመጣል። ሰባት የማያውቅ እዚሁ ይቀራል።»

«ይሄ የዱባይ ጨዋታ አይደለም» አለ ትዕዛዙ።

«የመንዝ መንፈስ ነኝ!» አለ ጀሪካኑ። «ዘር ሳልቆጥር ሰው አልለቅም!»

ቀልድ ነበር፤ ግን የአገሩን ሰው የሚያውቅ ቀልድ ነው። በዚያ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ወንድና ሴት እስከ ሰባት አባት ድረስ የሚያገናኛቸው አያት ከተገኘ ወንድምና እህት ናቸው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ቆጣሪዎቹ ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ከእነሱም ውስጥ ቃሉ የማይጠየቀው፣ ሰው ከጌሼ ድረስ እየተጓዘ የሚያማክረው፣ የእስከዳር አባት አቶ ተክለጻድቅ ነው።

ራህማ ቀድማ ብዕሩን ያዘች። «ዓብዱረህማን፣ ሙሐመድአወል፣ ዑመር፣ ሰዒድ...» ስትል ቆመች። «አምስተኛውን አላውቀውም። ነጋዴ ነበር፤ ስሙንም ሳይሸጠው አልቀረም።» የቀሩትን ሦስት ስሞች ከራሷ ፈጥራ ሞላች።

ትዕዛዙ ቀጥሎ ጻፈ። በመጨረሻ እስከዳር፣ ከሱ ረድፍ ጎን፣ ልጅ ሳለች አባቷ እንዳስጠናት ሳታቆም ጻፈች። ተክለጻድቅ፣ ኃይለ ኢየሱስ፣ ወልደ ሐና፣ ጥላዬ፣ ደስታ፣ ሣህሉ፣ ገብረ ክርስቶስ።

ትዕዛዙ ገጹን አየና ቅንድቡ ተሰበሰበ። «ተሳስተሻል።»

«ምኑን?»

«አራተኛውን። ጥላዬ አይደለም። ክንፈ ሚካኤል ነው።»

ሲጠራቀም የከረመ ንዴቷ ገነፈለ። «የአያቶቼን ስም ልታስተምረኝ ነው? የማን ልጅ እንደሆንኩ ረሳኸው? ክንፈ ሚካኤል የሚባል ሰው በእኛ ቤት አልተወለደም። እሱ ያንተ አራተኛ ነው፤ ይኸው ራስህ ጽፈኸዋል!»

«የሁለታችንም ነው። አባትሽ ናቸው ያሉት።»

«ለማን ነው ያሉት?»

«ለሽማግሌዎቹ።»

«ለየትኞቹ ሽማግሌዎች?»

ትዕዛዙ ቀና ብሎ አያት። ራህማ ሻማዋን ወደ ሁለቱ ፊት ከፍ አደረገች።

«ለላክኋቸው ሽማግሌዎች» አለ ቀስ ብሎ። «አምና የካቲት፣ አንቺ ሥልጠና ላይ ሳለሽ። ሦስት ሰው ላክሁ። አባትሽ ጠላ አቀረቡላቸው፣ በክብር አስቀመጧቸው፣ ቆጠሩ። አራት ቤት ላይ በክንፈ ሚካኤል እንገናኛለን፣ ዘመዳሞች ናቸው አሉ። ለልጅቷ እኔው እነግራታለሁ፤ ነገሩ እንዳይወራ አደራ ብለው ለመኑ። አልነገሩሽም?»

እስከዳር ጭንቅላቷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች።

«ደብዳቤዬን ስትቀበዪ ታውቂያለሽ ብዬ ነበር።»

«እኔ ጠልተኸኝ ነው ብዬ ነበር! ፈርተህ፣ ሌላ አግኝተህ...»

«ሌላ?» ትዕዛዙ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። «እስከዳር፣ ዓመት ሙሉ ንስሐ ላይ ነኝ። እህቴን መመኘት አልተውኩም ብዬ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ። አርባ አርባ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድሁ፤ አልጠፋም። ተመልሼ ሄድሁ፤ ስልሳ አደረጉት። ጉልበቴ ቆስሎ ነበር። በመጨረሻ ‘ልጄ፣ ከከተማው ውጣ’ አሉኝ። ለዚህ ነው የተዛወርኩት። አሁን ክንዴን ስትይዢው...»

«አማተብክ!»

«ምን ላድርግ? ስልሳ ስግደት እኮ ነው!»

ራህማ በአንድ ጊዜ እየሳቀች እያለቀሰች ነበር። ከበሩ ማዶ ጀሪካኑ «ሰዓታችሁ ሊያልቅ ነው! መንፈሱ ተርቧል!» ብሎ አጓራ።

«ዝም በል፣ አንተ ሰይጣን!» አለችው ራህማ። ጀሪካኑ ወዲያው ዝም አለ።

«ግን ለምን?» አለች እስከዳር። «አባባ በቆጠራ ዋሽተው አያውቁም። ስንት ሀብታም ገንዘብ ይዞ መጥቶ መልሰውታል። በእኔ ላይ ለምን?»

ትዕዛዙ መልሱን ከእሷ ቀድሞ አግኝቶት ነበር። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየችው።

«እናቴ ናት» አለ።

የትዕዛዙ እናት ወይዘሮ አልጣሽ ሸክላ ትሠራለች። አባቱ ገበሬ ነበር፤ እሷን በማግባቱ ወንድሞቹ ማዕድ ለይተውበት ኖሮ ሞተ። ይህንን እስከዳር ታውቃለች። የማታውቀው፣ ወይም ማወቅ ያልፈለገችው፣ ነገሩ የገዛ ቤቷ ውስጥ መቀመጡን ነው። እንስራውን ከአልጣሽ እጅ ገዝቶ በዚያ ጠላ የሚጠምቅ ሰው ጠላውን ለአልጣሽ ሲቀዳላት ዋንጫ ይለይባታል። ማረሻውን ቀጥቃጭ ባያወጣለት መሬቱን በጥፍሩ ይጭር የነበረ ባለርስት ቀጥቃጩን ቡዳ ይለዋል። እጁ የሚሠራውን እየናቀ፣ እጁ የማይሠራውን እያከበረ ለምን አልሞላልኝም ብሎ የሚያለቅስ አገር ይሉኝታም የለውም። አቶ ተክለጻድቅ ደግሞ ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋ ሰው «የሸክላ ሠሪ ልጅ ነህ» ብሎ አይሳደብም። «ዘመዴ ነህ» ብሎ በፈገግታ ይሸኛል።

«መልሰህ ላካቸው» አለች እስከዳር። «ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላክ። ዛሬውኑ።»

«አልልክም።»

«ትዕዛዙ!»

«እኔን ሁለት ጊዜ ቢመልሱኝ ግድ የለኝም። እናቴን ግን ሁለት ጊዜ ከደጅ አላስመልሳትም። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ‘ዘመዳሞች ናቸው’ ሲሏት ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? ‘ተመስገን፣ በእኔ ምክንያት አይደለም’ አለች። አሁን ሄጄ በአንቺው ምክንያት ነበር ልበላት?»

እስከዳር እጇን ዘርግታ እጁን ያዘች። በዚህ ጊዜ አላማተበም። ጣቶቹ ጣቶቿ መሃል ገቡ፤ ራህማም ዞር ብላ ሁለቱን ትራሶች በጋቢ እንደገና መሸፈን ያዘች፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

መዝገቡ በበሩ ሥር ወጣ፤ ቁልፉ ገባ። በሩ ሲከፈት መኳንንት የሦስቱን ያለቀሰ ፊት አይቶ ጀሪካኑን ጣለ።

«ይህን ያህል አስፈራሁ?» አለ ደንግጦ።

«ያችን ገጽ ቅደድልኝ» አለችው እስከዳር። ደረጃውን ስትወርድ አንድ ዓመት ተሸክማው የኖረችው ኀፍረት ከላይዋ ወርዶ፣ በቦታው ሌላ፣ የከበደ ኀፍረት ተቀምጦ ነበር፤ ይህኛው ግን የራሷ አልነበረም።

*

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አቶ ተክለጻድቅ ከገብስ ክምሩ አጠገብ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጦ ነበር። ከሞላሌ የመጡ ሁለት አባቶች ልጆቻቸውን ሊያጋቡ ሲያስቆጥሩት ቆይተው «ንጹሕ ነው፤ አጋቡ» ብሎ ሸኛቸው። እስከዳር እስኪሄዱ ጠበቀችና ገጹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

አነበበ። ጣቱ አራተኛው ረድፍ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ማን ነገረሽ?»

«የነገረኝ እርስዎ ያስተማሩኝ ቆጠራ ነው።»

አቶ ተክለጻድቅ ወረቀቱን አጠፈው። «አላዋረድሁትም» አለ። «በክብር ነው የመለስሁት። ሌላው ሰው ቢሆን ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። እኔ ዘመዴ ነህ አልሁት። ዘመዴ ነህ ማለት ስድብ ነው?»

«አይደለም አባባ። ትልቅ ቃል ነው። በሦስት ሽማግሌ ፊት ነው የተናገሩት።» እስከዳር እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ጨበጠች። «እንግዲህ አንዱን ይምረጡ። ዘመድ ከሆኑ ዘመድ ከበዓል አይቀርም፤ ለፊታችን ማኅበር እናቱን እጃቸውን ይዤ አመጣለሁ፤ እርስዎ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ከእርስዎ ጋር ከአንድ መሶብ ይቆርሳሉ። ዘመድ ካልሆኑ ደግሞ ቆጠራው ፈርሷል፤ ሰው ልከው ሽማግሌዎቹን እርስዎ ይጥሩ። ሁለቱንም እምቢ ማለት አይቻልም።»

«አንቺ ልጅ! አባትሽን ነው የምትከሺው?»

«አባቴን ማንም እንዳይከሰው ነው። ይህ ነገር ከእኔ አፍ አይወጣም። ግን ከሞላሌ የመጡት ሰዎች አሁን ‘ንጹሕ ነው’ ሲሏቸው አምነው ሄዱ። እኔ እዚህ ቆሜ ስሰማ ግን ልቤ ጠየቀ። የእርስዎን ቃል ልቤ ሲጠይቅ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፣ አባባ።»

ይህ መታው። ሽማግሌው ፊቱን ወደ ክምሩ አዞረ። ትከሻው ዝቅ አለ፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሌሎችን አባቶች የተሸከመ ትከሻ።

«ሰው ምን ይላል?» አለ በመጨረሻ፤ ቁጣው ወጥቶለት፣ ልመና መሰለ።

«ሰው እርስዎ ያሉትን ሲል ነው የኖረው። ደግሞም ይላል።»

እስከዳር አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። የሰኞው አውቶቡስ፣ የቆሰለው ጉልበት፣ ያቺ «ተመስገን» ያለች እናት ሁሉ በሐሳቧ ነበሩ፤ ግን አባቷን አላጣደፈችም። የሚወዱት ሰው ሲሸነፍ ማየት ደስ አይልም። ራሷን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገች፤ እሱም ሳያስበው፣ በልጅነቷ እንደሚያደርገው፣ ጠጉሯን መዳበስ ጀመረ።

«ለሽማግሌዎቹ ዛሬውኑ ሰው እልካለሁ» አለ። «ተሳስቻለሁ እላለሁ። እንደዋሸሁ ግን ለዚያ ልጅ ብቻ ነው የምነግረው። ለሱ ይገባዋል።»

«እናቱስ?»

«እናቱም ይምጡ።» ሠላሳ ዓመት ገበያ ላይ ገንቦዋን እያንኳኳ የገዛው ከእሷ ነበር፤ በስሟ ጠርቷት ግን አያውቅም። «ማነው ስማቸው?»

«ወይዘሮ አልጣሽ።»

«አልጣሽ ማን? የማን ልጅ ናቸው?»

እስከዳር ቀና አለች። ሦስት ዓመት ትዕዛዙን ስትወድ ኖራ የእናቱን አባት ስም አንድ ቀን አልጠየቀችም ነበር። ኀፍረቱ ፊቷን አጋለው።

«አላውቅም፣ አባባ።»

«እኔም አላውቅም» አለ አቶ ተክለጻድቅ፤ በአገሩ ሁሉ የማያውቀው ዘር የለም የተባለለት ሰው። ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ለስልሶ ነበር። «እንግዲያው ይምጡና ቁጭ ብለው ይቁጠሩልኝ። እኔ አዳምጣለሁ።»

እስከዳር ማልቀስ ፈልጋ ሳቀች፤ መሳቅ ፈልጋ አለቀሰች፤ አባቷንም ከዚያ ቀን በፊት ወድዳው እንደማታውቅ አድርጋ ወደደችው።